የክፍል አስራ ዘጠኙ ሽፍታ

«ፀጉሩን እዩ! አሁን ሲዘል ፀጉሩን እዩ!»

ሚልኪ ከፊተኛው አግዳሚ ብድግ ብላ ጮኸች። ቴሌቪዥኑ ላይ የፊልሙ ጀግና ዴክስ ከሚከንፈው ነጭ ጂፕ ተነስቶ ወደ ባቡሩ ጣሪያ ዘለለ። አየር ላይ እንዳለ ወርቃማ ፀጉሩ እንደ ድስት ክዳን ከግንባሩ ከፈት አለና መልሶ ተከደነ።

«ዊግ ነው! አያችሁ? የዘለለው እሱ አይደለማ! ዴክስ እኮ ከፍታ ይፈራል፤ ወንበር ላይ ሲቆም እንኳን ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። የሚዘልለት ሌላ ሰውዬ ነው፣ ራሰ በራ፣ የአምስት ልጆች አባት...»

«አንቺ ልጅ፣ ቁጭ በይ!»

«ሁቃ፣ ይቺን ሬዲዮ አስወጣልን!»

«ፊልሙን አኝካ አጎረሰችን እኮ!»

የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ሁቃ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ካለችው ዱካ ሳይነሳ ጣቱን ወደ ሚልኪ ቀሰረ። ይህ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው። ሚልኪ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ተቀመጠች። አጠገቧ ያለችው ጓደኛዋ የዓለምወርቅ በሳቅ ልትፈነዳ ትንሽ ነው የቀራት።

የሁቃ ቪዲዮ ቤት ቆርቆሮ በቆርቆሮ ነው፤ ያረጀ ቆርቆሮ። ቅዳሜ ከሰዓት የነገሌ ፀሐይ ስታናጥር፣ በየሚስማሩ ቀዳዳ ብርሃን ይገባና ጨለማው በኮከብ ይሞላል። ሚልኪ ሁሌም መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው። ደጅ አቧራና ሙቀት፣ ውስጥ ገባ ስትል ሰማይ። ወይኔ፣ እንዴት ደስ ይላል!

ለዚህ ተከታታይ ፊልም ያበደችውም እንዲሁ አልነበረም። ሁቃ ከሞያሌ አንድ ካርቶን ካሴት ሲያመጣ ከሥሩ አንዲት ቀጭን የእንግሊዝኛ መጽሔት ተገኘች። ስለ ፊልሙ አሠራር ነበር የምታወራው። ሁቃ ምን ያድርጋት? ለሚልኪ ሰጣት። ሚልኪ የአባቷን መዝገበ ቃላት ታቅፋ ሦስት ሳምንት ፈጀችባት። ነጩ ጂፕ ለካ አንድ አይደለም፣ ሦስት ነው፤ አንደኛው ጭራሽ ሞተር የለውም፣ በገመድ ነው የሚጎተተው። የውሻውን ጩኸት የሚጮኸው ድምፅ ቀራጩ ራሱ ነው። የበረሃው ከተማ ደግሞ ከፊት ለፊቱ በቀር ሌላ ነገር የለውም፤ በሩን ከፍተህ ስትገባ እዚያው ሜዳ ላይ ነህ።

ይህቺ የመጨረሻዋ ነገር ሚልኪን እንቅልፍ ነስታት ነበር። ለብዙ ቀን በነገሌ መንገድ ስትሄድ ባንኩን፣ ነዳጅ ማደያውን፣ የወንዶሰንን ፀጉር ቤት እያየች «ከጀርባው ባዶ ቢሆንስ?» ትላለች። አንዴ ወንዶሰን ደንበኛ ሲላጭ ሄዳ ግድግዳውን ገፋ አድርጋ ሁሉ ነበር። «ምን ሆነሻል አንቺ?» ሲላት «ምንም፣ እውነት መሆኑን ላረጋግጥ ነው» ብላው ሮጠች።

ሰኞ ሰኞ በእረፍት ሰዓት የትምህርት ቤቱን ሚኒ ሚዲያ የምትይዘው እሷ ናት። «ከመጋረጃ ጀርባ» ይባላል ፕሮግራሟ፤ አምስት ደቂቃ። ድምፅ ማጉያው ግቢው ጣሪያ ላይ ወደ ሰፈሩ ዞሮ ስለተሰቀለ ሻይ ቤት ያሉት ሹፌሮች ሳይቀሩ «ዛሬ ስለ ጂፑ ምን አለች?» ይባባላሉ። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ዛሬ ደግሞ ክፍል አስራ ዘጠኝ ነው! መጽሔቷ ስለ እሱ የጻፈችውን ሚልኪ በቃሏ ታውቀዋለች፤ ሰሜን ኬንያ ተቀረጸ፣ ለሽፍታነት የአካባቢው ከብት አርቢዎች ተቀጠሩ፣ ዳይሬክተሩም «በቋንቋችሁ የፈለጋችሁትን በሉ፣ ብቻ ተቆጡ» አላቸው።

«ቋንቋቸው ማለት የእኛ ቋንቋ ማለት ነው እኮ» አለች በሹክሹክታ፤ ሁቃ ካሴቱን ሲቀይር።

«የእናንተ» አለች የዓለምወርቅ። እናትና አባቷ ከጎንደር ለመምህርነት መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ ኦሮምኛዋ ከገበያ አያልፍም። «ሁሉንም ትተረጉሚልኛለሽ፣ እሺ? አንዲት ቃል እንዳታስቀሪ።»

ተጀመረ። ዴክስና አንዲት ቀይ ቀሚስ የለበሰች ሴትዮ በረሃ መሃል እጃቸው ታስሯል። አራት ሽፍቶች ከድንጋይ ኋላ ወጡ። የመጀመሪያው ጠመንጃውን እየነቀነቀ በቦረና ኦሮምኛ አጓራ፦

«ይሄ ጫማ ተረከዜን ላጠው! የማን ጫማ ነው የሰጣችሁኝ?»

ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው ፑፍ ብሎ ሳቀ። ሁለተኛው ሽፍታ ዓይኑን አፍጥጦ ዴክስን በጠመንጃ አፈሙዝ ወጋ አደረገው፦

«ምሳ መቼ ነው? ከጠዋት ጀምሮ ቁሙ ቁሙ! ምሳ የለም እንዴ?»

በቃ! ቆርቆሮው ተናወጠ። ሽማግሌ ወጣት ሳይል ሰው እርስ በርሱ ላይ ወደቀ። አንዱ አግዳሚውን ይደበድባል፣ አንዱ «ምሳ ስጡት! ምሳ ስጡት!» እያለ ያለቅሳል። ሚልኪ እንባዋን እየጠረገች ለየዓለምወርቅ ትተረጉማለች፣ የዓለምወርቅ ትንፋሽ አጥሯት በቡጢ ትመታታለች።

በዚህ ሁሉ ጫጫታ መሃል የሽፍቶቹ አለቃ ወደ ፊት መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥምጣሙ ከራሱ የሚበልጥ ልጅ እግር ነው። ጠመንጃውን ዴክስ ግንባር ላይ ደገነ። ዓይኑ ግን ዴክስን አላየም፤ በቀጥታ ወደ ካሜራው ነው ያየው። ሚልኪ ልክ ከቪዲዮ ቤቱ ድምፅ ማጉያ ሥር ስለሆነች ብቻ ነው የሰማችው።

«ጉያቱ! የጅሎ ልጅ ጉያቱ! እኔ ጣዲቻ ነኝ! በሕይወት አለሁ! ጊደሯን አልሸጥኳትም። ዱብሉቅ ሳልደርስ አፈሳ ያዘኝ፣ ጊደሯ መንገድ ቀረች። አምልጬ ማርሳቢት ነኝ። ጉያቱ፣ ሌባ አይደለሁም!»

ከሥር የእንግሊዝኛው ጽሑፍ «አልማዙን አምጣ፣ አለዚያ ሴትየዋ ትሞታለች» ይል ነበር።

ሚልኪ ሳቋ አፏ ላይ ቀረ።

«ምን አለ? እሱስ ምን አለ?» የዓለምወርቅ ክንዷን ጎተተቻት። «አንቺ! ምነው ዝም አልሽ?»

* * *

«ሰኞ!» አለች የዓለምወርቅ፤ ደጅ ወጥተው ሚልኪ በሹክሹክታ ከነገረቻት በኋላ። «ሰኞ በሚኒ ሚዲያ! ወላዲቷ! ሚልኪ፣ እስከ ዛሬ ያወራሽው ሁሉ ተረት ነበር በዪው። አስቢው እስኪ፤ ‹በዓለም የታወቀ ፊልም ውስጥ የጎረቤታችን ወንድም!› የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ሳይቀር ይወጣል ለመስማት። ርዕሱን እኔ እጽፍልሻለሁ።»

ሚልኪም ልቧ እየዘለለ ነበር። እውነቱን ለመናገር ገና ከበሩ ሳትወጣ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር በሐሳቧ ጨርሳዋለች። «ውድ አድማጮች፣ ዛሬ የምነግራችሁን ቁጭ ብላችሁ ስሙ...» እጇን ሁሉ ማይክ እንደያዘች ጨብጣው ነበር።

ከዚያ አዴ ጉያቱ ትዝ አሏት።

አዴ ጉያቱ ከእነ ሚልኪ ጋር አጥር የሚጋሩ ወተት ነጋዴ ናቸው። ወንድማቸውን ጣዲቻን የዛሬ አስራ ስምንት ዓመት፣ በብሔራዊ ውትድርናው ዘመን፣ ጊደር ሽጠህ ና ብለው ወደ ዱብሉቅ ገበያ የላኩት እሳቸው ነበሩ። ሄደ፣ ቀረ። ጊደሯ ደግሞ የባላቸው ወንድሞች ነበረች። እስከ ዛሬ በሠርግም በለቅሶም ከእነሱ ጋር ቃል በተለዋወጡ ቁጥር «ጊደር ይዞ የጠፋው ወንድምሽ» የምትለዋ አትቀርም። አዴ ጉያቱም ሁሌ አንድ ነገር ብቻ ይመልሳሉ፦ «ጣዲቻ ሌባ አይደለም።»

ሚልኪ ይህን ሁሉ እንዴት አወቀች? አዴ ጉያቱ ራሳቸው አንድ ቀን ወተት እየቀዱ አጫወቷት። እሷስ ምን አደረገች? በነጋታው ክፍል ውስጥ አወራችው። ክፋት አስባ አይደለም፣ ታሪኩ ስለሚያምር ነው! ሳምንት ሳይሞላ ትንንሾቹ ልጆች አዴ ጉያቱ ጀሪካናቸውን ይዘው ሲያልፉ «ጊደሬ የታለች፣ ጊደሬ የታለች» እያሉ መዝፈን ጀመሩ። አዴ ጉያቱ አልተቆጧትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሚልኪ ወተት ልትወስድ ስትሄድ ቀድተው ይሰጧታል እንጂ ግቢ አይሏትም።

የትምህርት ቤቱ ድምፅ ማጉያ አፍ ደግሞ ወደ እሳቸው ግቢ ነው።

«በሕዝብ ፊት ይስሙት?» አለች ሚልኪ።

«ደስ አይላቸውም እንዴ? ስማቸው ጸዳ እኮ!»

«እኔ እንጃ፣ የዓለም።»

በዚህ መሃል ሁቃ በሩን ሲቆልፍ ሚልኪ ሮጣ ያዘችው። «ሁቃ፣ ክፍል አስራ ዘጠኝ መቼ ነው ደግሞ የምታሳየው?»

«አላሳይም። ካርቶኑ ነገ ከሰዓት በአይሱዙ ወደ ሞያሌ ይመለሳል። በሌላ ነው የምለውጠው።»

«ነገ?!»

«ምን አስጮኸሽ? ዊግ ያደረገ ሰው እዚያም አይጠፋም።»

* * *

አዴ ጉያቱ ጀሪካን እያጠቡ ነበር። ሚልኪ አጥሩ ጋ ቆመች። አፏን ከፈተች፣ ዘጋች። በሕይወቷ እንዲህ ሆና አታውቅም፤ ሌላ ጊዜ ቃሉ ከእሷ ቀድሞ ነው የሚደርሰው።

«አካም፣ ሚልኪ?» አሉ አዴ ጉያቱ ቀና ሳይሉ። «ወተት አልቋል።»

«ለወተት አይደለም፣ አዴ። ነገ ጠዋት ከእኔ ጋር አንድ ቦታ ይምጡ። ሁቃ ቪዲዮ ቤት።»

አሁን ቀና አሉ። «እኔ? ጫት ቃሚ የሚሞላበት ቤት? ምን ላደርግ?»

«ጠዋት ማንም የለም። እዚያ... መልእክት አለዎት። ሰው ትቶልዎት ነው።»

«ማን ነው የተወልኝ?»

ሚልኪ ምላሷን ነከሰችው፤ ያውም የምሯን። አይ፣ እንዴት ከባድ ነው! ስሙ ጥርሷ ላይ ደርሶ ያንኳኳል። «ከመልእክቱ ባለቤት አፍ ቢሰሙት ይሻላል። የእኔን አፍ ያውቁታል።»

አዴ ጉያቱ ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ጀሪካኑን ደፍተው አስቀመጡና እጃቸውን በሻሻቸው ጠረጉ።

«መልእክት ካለ ይኬዳል» አሉ። «ሰው የላከው ቃል ደጅ አያድርም።»

* * *

እሑድ ጠዋት ቪዲዮ ቤቱ ባዶ ሆኖ ትልቅ ይመስላል። የሚስማር ኮከቦቹ በምሥራቅ በኩል ብቻ በርተዋል። ሁቃን ለማሳመን ሚልኪ ሁሉንም ነገረችው፤ እሱ ግድ ነበር፣ ማሽኑ የእሱ ነው። ሁቃም ይህን ሰምቶ ከቤቱ ደህናውን ወንበር ተሸክሞ መጣ። አዴ ጉያቱ ግን ወንበሩን ትተው አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ ለመነሳት እንደተዘጋጀ ሰው ተቀመጡ።

ጫማው ተረከዙን የላጠው አለፈ። ምሳ የሚጠይቀውም አለፈ። ማንም አልሳቀም። ረጅሙ ልጅ ከድንጋዩ ኋላ ወጣ።

«ጉያቱ! የጅሎ ልጅ ጉያቱ! እኔ ጣዲቻ ነኝ! በሕይወት...»

«አቁመው!»

ሁቃ ደንግጦ ማቆሚያውን ተጫነው። ሥዕሉ እየተንቀጠቀጠ ቆመ፤ በጣዲቻ ደረት ላይ ነጭ መስመር ወጣ ወረደ። ሚልኪ አዴ ጉያቱ ሊወድቁ ነው ብላ ብድግ አለች። እሳቸው ግን ተነስተው፣ ሻሻቸውን አስተካክለው፣ ወደ ቴሌቪዥኑ ሁለት እርምጃ ተጠጉ።

«ምን ዓይነት ልጅ ነው ይሄ» አሉ። ድምፃቸው ቀጭን ነበር። «ሰላም ሳይባባሉ ወሬ ይጀመራል? እንዲህ ነው ያሳደግንህ?»

ከዚያ ሰላምታ ጀመሩ። ሚልኪ ሰላምታ ታውቃለች፤ «ናጋ» ማለት ሰላም ነው፣ ጠዋት ማታ የምትሰማው። እንዲህ ግን ሰምታ አታውቅም።

«ናጋ ነህ ወይ፣ ጣዲቻ? ሰውነትህ ናጋ?»

ትንሽ ቆዩ። መልስ የሚያህል ቦታ ትተው ነበር የቆዩት።

«የሰው አገር ናጋ? አብረውህ ያሉት ናጋ? ከብት አላችሁ? ከብቱ ናጋ? ዝናብ ጣለላችሁ? ጉድጓዱ ውሃ አለው?»

ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ ያቺን ቦታ ይተዋሉ፤ ጣዲቻም ጠመንጃውን ደግኖ፣ አፉን ከፍቶ፣ እየተንቀጠቀጠ ይሰማቸዋል። ሁቃ ጣቱን ከማሽኑ ላይ አላነሳም። ሚልኪ ስለ ዊጉ፣ ስለ ገመዱ፣ ስለ ባዶው በር ሁሉ ታውቃለች፤ ይሄኛውን ግን የትኛውም መጽሔት ሊጽፈው አይችልም ብላ አሰበች።

«እኛም ናጋ ነን» አሉ አዴ ጉያቱ በመጨረሻ። «አባታችን ሞቷል፤ ቀስ ብዬ እነግርሃለሁ። አሁን ያንተን ንገረኝ።» ወደ ሁቃ ዞሩ። «ይናገር።»

ሁቃ ለቀቀው። ጣዲቻ እስከ መጨረሻው ጮኸ። አዴ ጉያቱ አልፎ አልፎ «እ» «እ» ይላሉ፣ ከጎናቸው ተቀምጦ እንደሚያወራቸው። «ሌባ አይደለሁም» ሲል «አውቃለሁ» አሉት። ከዚያ ዴክስ ገመዱን በጥሶ ጣዲቻን በቡጢ መታው፣ ጣዲቻም ወደቀ።

«ውይ!» አሉ አዴ ጉያቱ። «ይሄ ባለጌ ማን ነው?»

«ዴክስ ነው» አለች ሚልኪ። «አልነካውም፣ አዴ! እውነቴን ነው፣ የማስመሰል ነው። ቡጢው አንድ ክንድ ይቀረዋል።»

አዴ ጉያቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። እንባቸው ያኔ ነው የመጣው።

ሁቃ ወደ ማሽኑ ጎንበስ አለ። «እናቴ፣ ልድገመው? አይሱዙው እስኪመጣ የፈለጉትን ያህል...»

«አይሆንም። አንድ ሰው አንዴ የነገረህን እያስደጋገምክ አታደክመውም።» ቴሌቪዥኑን አዩት፤ አሁን ባዶ በረሃ ብቻ ነበር። «ከስቷል» አሉ።

አብረው ወደ ሰፈር ተመለሱ። አጥሩ ጋ ሲደርሱ አዴ ጉያቱ ቆሙ። «ፊልሙ ስንት ዓመቱ ነው?»

«አስራ ስምንት ይሆነዋል፣ አዴ።» ሚልኪ ልትዋሽ አልፈለገችም። «አሁን የት እንዳለ አላውቅም።»

«እሱንማ ማን ያውቃል። ወደ ሜጋ ከተማ ወተት የሚጭኑ ሹፌሮች አሉ፣ ማርሳቢት ዘመድ ያላቸው። እጠይቃለሁ።» በራቸውን ከፈቱ። «ሐሙስ የባሌ ወንድሞች ለገበያ ይመጣሉ። አስራ ስምንት ዓመት እነሱ ሲናገሩ እኔ ሰምቻለሁ። ሐሙስ ደግሞ እነሱ ቁጭ ይላሉ፣ እኔ እናገራለሁ።»

ለማንም አትንገሪ አላሏትም። ምንም አላሏትም። በሩን ገፋ አድርገው «ግቢ፣ ቁርስ አልበላሽም» አሉ ብቻ።

* * *

ሰኞ የሚኒ ሚዲያዋ ክፍል መስኮት ላይ ሃያ ልጅ ተንጠልጥሎ ነበር። የዓለምወርቅ «ሰኞ ቦምብ አለ» ብላ ለሦስት ሰው ብቻ ነግራ ነበር፤ ሦስቱ በቂ ነበሩ። ርዕሱንም በቀይ እስክሪብቶ በትልቁ ጽፋ አምጥታለች።

«ከፍ አድርገሽ አንብቢው» አለች ወረቀቱን እያቀበለቻት። «ጉያቱ የሚለው ላይ ቆም በዪ። ሰው ይጮሃል።»

ሚልኪ ማይኩን ከፈተች። ጣሪያ ላይ ድምፅ ማጉያው ሲጥ አለ። በመስኮቱ አሻግራ የአዴ ጉያቱን ግቢ አየች፤ ጀሪካኖቹ አጥር ላይ ተደፍተው ይደርቃሉ። ከዛሬ እስከ ሐሙስ ሦስት ቀን ነው። ሦስት ቀን! ለሚልኪ ሦስት ቀን ዝምታ ማለት እኮ... እግዜር ያውቃል።

«ውድ አድማጮች» አለች። «ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ዝናቡ ነው። ክፍል ስድስት ላይ ዴክስ ዝናብ ውስጥ ሲሮጥ አይታችኋል አይደል? ዝናብ አይደለም! አገሩ ዘጠኝ ወር ጠብታ አላየም ነበር። የእሳት አደጋ መኪና ነው፤ ሁለት ሰዎች መሰላል ላይ ወጥተው በጎማ ወደ ላይ ይረጩታል። ቀረጻው ሲያልቅ ግን የሰፈሩ ልጆች መጡና ሰዎቹ ውሃውን እስኪያልቅ ድረስ ለእነሱ ረጩላቸው...»

መስኮቱ ላይ የተንጠለጠሉት «ኤጭ! ይሄ ነው ቦምቡ?» እያሉ ወረዱ። የዓለምወርቅ ፊቷን ቅጭም አድርጋ ታያታለች። ሚልኪ እያወራች፣ ዓይኗን ከዓይኗ ሳትነቅል፣ የቀይ እስክሪብቶውን ወረቀት አራት አጥፋ ካልሲዋ ውስጥ ከተተችው።

ማይኩ ሲዘጋ የዓለምወርቅ ተጠጋቻት።

«መቼ ነው ታዲያ?» ብላ በሹክሹክታ ጠየቀቻት።

«እኔን አትጠይቂኝ» አለች ሚልኪ። «ታሪኩ የእሳቸው ነው።»